የተቀቀለ ጋቢ

በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጃናሞራ ተመድበሻል ስባል፣ እናቴ ዳባት ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብላ እንደ ሞተ ሰው አለቀሰችልኝ። እኔን ያናደደኝ ግን ልቅሶው ሳይሆን የጓደኞቼ ወሬ ነበር። «እዚያ ያደረሰሽ አፍሽ ነው» አሉኝ። አፌ ምንም አላደረገም። ጤና ረዳት ነኝ፤ ጤና ረዳት ደግሞ ሐኪም ወደማይሄድበት ይላካል። አፌ ያደረገው ነገር ቢኖር መንገዱን ሙሉ በቅሎ ነጂውን ካሴን ማድከም ነው።

ካሴ ለሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ ስካውቶች ቀለብ የሚያመላልስ፣ ረጅም፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። እኔንና የመድኃኒት ሣጥኖቼን በበቅሎ ጭኖ ከደባርቅ በቡይት ራስ፣ በሳንቃ በር አድርጎ ወደ አገሩ ወደ ጥድ አፋፍ ወሰደኝ። ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ስጨፍን «በቅሎዋ ካልጨፈነች አንቺ ምን አስጨነቀሽ» ይለኛል። ስለ እናቱ ያጫወተኝም ያኔ ነው።

«መገነዣዋን ከገዛች ስንት ዘመኗ» አለኝ። «ነጭ በነጭ፣ ጥለት የሌለው አዲስ ጋቢ ነው። ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሞት ግን ረስቷታል።»

ጥድ አፋፍ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት የኔ ክሊኒክ ብቻ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ በደቦ ነው የሠራው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከኋላ ደግሞ የኔ መኝታ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ታገኘ «ጓድ ጥሩዬ» ይለኛል፤ ሌላው ሰው «ሐኪም» ይለኛል፤ የካሴ እናት እማሆይ አመተ ማርያም ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ይች ልጅ» ነው ያሉኝ። ሰዉ መድኃኒት አይጠላም። መርፌማ ሲወድ! ራሱን ያመመውም፣ እግሩን እንቅፋት የመታውም መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። እኔም ተመስገን፣ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም አልኩ።

በዚያ አገር አንድ ወግ አለ። ሰው ታሞ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ ጋቢውን አውልቆ እየመጣ ይደርብለታል። ላብ ይወጣዋል፣ በላቡ በሽታው ይወጣል ይላሉ። ሌላ ጋቢ የሌለውም ሰው ያችኑ አንዷን ትቶ በእጀ ጠባቡ ብርድ እየመታው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሕመምተኛው ሲሻለው ሁሉም የየራሱን ይወስዳል። ባዶ እጁን ሕመምተኛ የሚጠይቅ ሰው ስሙ ይጠፋል። ሁልጊዜ ቀድመው የሚደርሱት ደግሞ እማሆይ አመተ ማርያም ናቸው፤ የእሳቸው የዘወትር ጋቢ ያልደረሰበት ሕመምተኛ በአገሩ የለም ይባላል። እኔ ይህን ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ዳባት ውስጥ ጎረቤት የሚያውስሽ ምክር ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ያርጋል የሚባል ገበሬ ከደባርቅ ገበያ እንደተመለሰ ታመመ። ብርድ ብርድ አለው፣ ራሱን ፈለጠው፣ ጋቢው ተደራረበለት። ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀው። ማርያም ማረችው ተባለና ሰው ጋቢውን እየለበሰ ወደየቤቱ ሄደ። ማንም አልጠራኝም፤ ለዳነ ሰው ሐኪም ማን ይጠራል? ሳምንት ሳይሞላው ትኩሳቱ ተመልሶ መጣበት። እኔን ሲጠሩኝ ምላሱ ተሳስሮ ነበር፤ መድኃኒቱን ሳልሰጠው እጄ ላይ ሞተ። ሲነሡት የእጀ ጠባቡን ስፌት አየሁ። ቅማሉ ወዝ እንደተቀባ ይብለጨለጫል።

ግርሻ ነበር። በቅማል የሚዛመት፣ ለቀቀ ሲሉት የሚመለስ። ከዚያ የያርጋል ሚስት ታመመች፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያሉ ዘመዶቹ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና በየቤቱ እየዞርኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፤ «ያርጋል ሲታመም ጋቢያችሁ የት ነበር?» በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ያርጋል ላይ።» በሽታው በእግሩ አልሄደም። በደግነት ተጠቅልሎ ነው የሄደው።

ለታገኘ ነገርኩት። ታገኘ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ነገር ሁሉ በመመሪያ ያልቃል ብሎ ማመኑ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ እኔ ገና ጉሮሮዬን ሳልጠርግ፣ «ነገ ጠዋት የአባላት ጋቢ በሙሉ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል! መመሪያ ነው!» አለ።

እኔ ተነሥቼ ስለ ቅማል ተናገርኩ፣ ስለ መቀቀል ተናገርኩ፣ የታመመ ሰው ላይ ያልተቀቀለ ጋቢ አይደረብ አልኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ። እማሆይ ብቻ ተነሡ።

«ሰው ፊቴ እየተንቀጠቀጠ ጋቢዬን ለብሼ ልቀመጥ ነው የምትይኝ?» አሉኝ።

«ተቀቅሎ ይሁን ነው ያልኩት፣ እማሆይ።»

«ብርድ ጋቢው እስኪበስል ይጠብቃል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ በጣም ተናደድኩ።

በማግሥቱ አንድም ጋቢ አልመጣም። ሰዉ መመሪያውን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት ለዘማች እህል አዋጥቷል፣ በግ አዋጥቷል፤ አሁን ደግሞ ጋቢያችንን ለጦሩ ሊወስዱት ነው፣ ቅማሉ ሰበብ ነው አለ። በአንድ ሌሊት የአገሩ ጋቢ ከምድር ጠፋ። ወንዱ በደበሎ፣ ሴቷ በቀሚሷ ብቻ፣ ጥርስ እያንቀጫቀጨ «ኧረ ጋቢ የለንም፣ ድሆች ነን» ይላል። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ለብሰውት ያየሁት ሰዎች ናቸው። ታገኘ ንዴቱን በኔ ላይ ሊወጣ ፈለገ፤ ያገኘው ግን እኔን ነውና በቶሎ ተወው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ካሴ ታመመ።

ቤታቸው ስደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ውስጥ ስገባ ካሴ አይታይም፤ መደቡ ላይ የጋቢ ተራራ አለ። ታገኘ በመመሪያ ያጣው የአገሩ ጋቢ ሁሉ ካሴ ላይ ተከምሯል። ከላይ ያለው የእማሆይ የዘወትር ጋቢ ነው። የካሴ የንስሐ አባት አባ ወልደ ሩፋኤል ራስጌው ቁጭ ብለው ይደግማሉ።

ጋቢውን በሁለት እጄ እያነሣሁ ወደ ደጅ መወርወር ጀመርኩ።

«አበደች!» አሉ እማሆይ። «አንድ ልጄን በብርድ ልትገድለው ነው!»

ቴርሞሜትሩን ከብብቱ ሳወጣው ከአርባ አልፏል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ይህ ሁለተኛው ግርሻ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳንቃ በር እያለ ደብቆት አሳልፎታል። ያርጋል የሄደው በሁለተኛው ነው። መድኃኒቱ በኪሴ አለ። ችግሩ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ግርሻ ያለበት ሰው ሲውጠው፣ ትንሽ ቆይቶ ከበሽታው የባሰ መንቀጥቀጥ ይመጣበታል። ከዚያ ያለፈ ይድናል። በዚያው የሚቀርም አለ። ካሴ በዚያ መንቀጥቀጥ ቢሞት እናቱ አንድ ልጃቸውን ያጣሉ፣ ከዚያ ወዲያም በአገሩ ማንም ከእጄ መድኃኒት አይውጥም። ባልሰጠው ደግሞ ሞቱ የታወቀ ነው።

እማሆይን ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ይንቀጠቀጣል» አልኳቸው። «አልብሺኝ ብሎ ይለምንዎታል። ያኔ ሰውነቱ እሳት ነው፤ ጋቢ ከደረቡበት ልቡ አይችለውም። ቅማሉም ይመለስበታል። እሱ ሲለምንዎት እምቢ ማለት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። እኔን አይሰማኝም።»

«ባይድንስ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አውቃለሁ እል ነበር። ያን ቀን አልቻልኩም።

«እሺ፣ እምቢ እለዋለሁ» አሉ። ጸጉሩን ላጨሁት፣ ልብሱን አወለቅሁ፣ በክሊኒኩ ንጹሕ አንሶላ ሸፈንኩት፣ መድኃኒቱን ዋጠ።

መጣበት። መደቡ ላይ ያለው ቆዳ እስኪንኳኳ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ ሲፋጭ ደጅ ድረስ ይሰማል። «እናቴ፣ ብርድ ገደለኝ፣ አልብሺኝ» ይላል። እኔ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ አደርጋለሁ፤ እሱ በእጁ ይገፋኛል። ከደጅ ያሉት ሰዎች ጋቢያቸውን መልሰው አንሥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ አንዷ «ኧረ በማርያም፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ትላለች። እማሆይ የራሳቸውን ጋቢ አነሡ። ደረታቸው ላይ አቅፈው መደቡ አጠገብ ደረሱ። ቃል ገብተውልኛል፣ ግን እናት ናቸው። እኔም ፈርቻለሁ። እጄን ዘርግቼ ልከለክላቸው ይገባኝ ነበር፤ አልዘረጋሁም።

አባ ወልደ ሩፋኤል መጽሐፋቸውን አጠፉት።

«እማሆይ» አሉ በዝግታ፣ «ጠበል የገባ ሰው ሲንቀጠቀጥ ጋቢ ደርበንለት እናውቃለን?»

እማሆይ ቆሙ። «አናውቅም፣ አባ።»

«ምን እንላለን?»

«እየለቀቀው ነው እንላለን።»

«መቼ ነው የሚለብሰው?»

«ከጠበሉ ሲወጣ።»

«እንግዲህ የዚች ልጅ መድኃኒትም መልቀቂያው እንዲህ ይሆናል። ልጁ ገና አልወጣም። ይቆዩ።»

ምክንያቱ የኔ ምክንያት አልነበረም። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቢሰማ ሌላ ነገር ይል ይሆናል። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴን ካሴ በጤናው ቢያየው አያምንም ነበር። እማሆይ ጋቢውን እንዳቀፉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሲለምናቸው ፊታቸውን በጋቢው ሸፍነው «ገና ነህ፣ ልጄ፣ ገና አልወጣህም» ይላሉ። ከበሩ ያሉትም ቆሙ። ማንም አልገባም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ላቡ ዝናብ እንደመታው ሰው ይወርድ ጀመር። ቴርሞሜትሩን አየሁት፣ አራግፌ እንደገና አስገባሁት፣ እንደገና አየሁት። ወርዷል። ካሴ ዓይኑን ገልጦ ጭንቅላቱን ዳሰሰና «ጸጉሬን ማን ወሰደው?» አለ። ሣቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጡብኝ።

እማሆይ ተነሡ። «ከጠበሉ ወጣ። አሁን ምን ላልብሰው?»

«የተቀቀለ።»

«ጋቢ እንደ ንፍሮ?»

«እንደ ንፍሮ።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ እሳት አንድጂ» አሉኝ።

ካሴ እግሩ ሲጸና ከስካውቶቹ አንድ በርሜል ለምኖ በበቅሎ አመጣ። ከክሊኒኩ ኋላ ሦስት ድንጋይ ላይ ጣድነው። እማሆይ በርሜሉን ተረከቡ፤ ማማሰያቸውን ይዘው እንደ ማኅበር ወጥ ያማስሉታል። ጋቢው ያለ መመሪያ መጣ። ወጉም አልቀረም፤ ሰው ሲታመም እንደ ድሮው ጋቢ ይደረባል፣ ግን እማሆይ በሩ ላይ ቆመው «ያልተቀቀለ አይገባም!» ይላሉ። ታገኘ የራሱን ሳያስቀቅል ሊገባ ሲል በማማሰያው ትከሻውን ሲነኩት አይቻለሁ።

አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። የጋቢው ጥለት ቀለሙን ለቀቀ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፤ በአንድ በርሜል ሲገናኙ የአገሩ ጋቢ ሁሉ ደም እንደነካው ውሃ ቀላ። ደባርቅ ገበያ ላይ የጥድ አፋፍ ሰው ከሩቅ ይለያል። ልጃገረዶቹም ውሃ ሲቀዱ፣

«ጥሩዬ መጣችና እሳት አነደደች፣
ያገሩን ጋቢ ሁሉ እንደ ንፍሮ ቀቀለች»

እያሉ ይዘፍኑብኛል። ነደደኝ እላለሁ እንጂ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

በርሜሉ ያልነካው አንድ ጋቢ ብቻ ነበር፣ የእማሆይ መገነዣ። አንድ ቀን ስለሱ ጠየቅኋቸው።

«እሱን ሰው አልለበሰው፣ ቅማልም አያውቀው» አሉኝ። «በነጩ ይቆያል። ያን ለብሼ ነው ጌታዬ ፊት የምቀርበው።»

«ልክ ነዎት፤ ያልተለበሰ ልብስ መቀቀል አያስፈልገውም» አልኳቸው። ካወቅኋቸው ጀምሮ የተስማማነው በዚያ ብቻ ይመስለኛል።

መጋቢት ላይ በሽታው ከአገሩ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ራሴን ፈለጠኝ። ስንቱን ሰው አውልቄ፣ ስንቱን ላጭቼ፣ ያልያዘኝ በተአምር ነበር። ሁለቱ ብርድ ልብሶች የታመሙ ሰዎች ቤት ናቸው። የራሴን ልብስና ጋቢ በሕጌ መሠረት አውልቄ በጆንያ አሥሬ ደጅ አኖርኩ። አንሶላዬን ተሸፍኜ ካሴን ጠራሁትና ከበሩ ውጭ አቆምኩት።

«መድኃኒቱን ልውጥ ነው። የሚመጣብኝን ታውቃለህ። ማንም እንዳይገባ፣ ማንም ምንም እንዳይደርብብኝ። ንገራቸው።»

«እሺ» አለና ሄደ። አንድ ቀልድ እንኳ አልጨመረም።

መንቀጥቀጡ ሲመጣ ያ ሁሉ ለሰው የነገርኩት ትምህርት ከአጥንቴ ውስጥ አንዱንም ብርድ አላወጣልኝም። ጋቢ አሰኘኝ። ቅማል ያለበትም ይሁን፣ የያርጋልም ይሁን፣ ጋቢ ብቻ። እናቴን ጠራሁ። ዳባት ያለችውን ሴት ጃናሞራ ላይ ሆኜ በስሟ ጠራኋት። በሩ አልተከፈተም፤ የሚያስል ሰው ድምፅ እንኳ የለም። አገር ሙሉ ታዘዘኝ። ሕዝብ ሲያምፅብኝ የለመድኩት ነው፤ ሲታዘዝ እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር። እዚህ ብሞት፣ ጋቢ የሚያለብሰው አጥቶ የሞተ በጥድ አፋፍ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ አልኩ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ሰው በዝግታ ይነጋገራል፤ «ወደ ፀሐዩ ሳበው» ይላል አንዱ። ጭስ በጣሪያው ስር ይገባል። ትኩሳት ያስቃዠኛል ብዬ ተውኩት።

ላቡ መጣ፣ አንሶላዬ ረጠበ፣ ዓለም ቦታዋ ተመለሰች። ያኔ በሩ ተከፈተ። እማሆይ አመተ ማርያም ናቸው። ክንዳቸው ላይ ጋቢ አለ።

«ከጠበሉ ወጣሽ?»

«ወጣሁ» አልኩ።

ደረቡብኝ። ከቆርቆሮው ፀሐይ የተነሣ ሙቅ ነው፤ ጫፉ ገና አልደረቀም፤ ጭስ ጭስ ይላል። እንደ አገሩ ጋቢ ሁሉ ቀልቷል። ጠርዙን ወደ አንገቴ ስስበው እጄ ጥለት አጣ። ዳርና ዳሩን ዳሰስኩት። ጥለት የሌለው ጋቢ በዚያ አገር አንድ ብቻ ነው።

«እማሆይ፣ ይህ እኮ አልተለበሰም» አልኳቸው። «መቀቀል አያስፈልገውም ነበር። እኔው ነግሬዎታለሁ።»

«ያልተቀቀለ አይገባም ብዬ ስንቱን ሰው በማማሰያ መለስኩ። የኔ ሲሆን በስርቆሽ ላስገባው?»

«ነጩን አጠፉት።»

ጋቢውን እግሬ ስር እየጠቀጠቁ፣ «ቀይ ለብሼ ብሄድ ጌታ አያውቀኝም ብለሽ ነው?» አሉ።

አለቀስሁ። ላብ ነው ልላቸው አስቤ ነበር፣ ትቼው አለቀስሁ። ከደጅ ካሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ የሌሎቹም ደርቋል» አለ። «ሰዉ ይግባ?»